የእማማ ዱካሌ የዘር ድንች

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ከሻሸመኔ ሲመለስ አንድ ጆንያ ድንች ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። በሩ ላይ አሳረፈውና እያለከለከ፣ «የት እናድርገው?» አለኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ጓዳ የለንም፤ በረንዳችን ከልብስ ማስጫነት አያልፍም። የጆንያውን አፍ ፈትቼ አጎነበስኩ። የደጋ አፈር ሸተተኝ፤ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ ገና ያልደረቀ። ከአፈሩ ስር ግን ሌላ ሽታ ነበር፤ ጣፋጭ የሚመስል፣ አፍንጫ ላይ ተጣብቆ የሚቀር። እጄን እስከ ክርኔ ድረስ አስገብቼ ዳበስኩና አንዱን ድንች አወጣሁት። ጎኑ መላሸቅ ጀምሯል።

«በምን አወቅሽ?» አለኝ።

«አልጋ ስር ነው የምናስቀምጠው» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ጣውላ ፈልግ። መሬት መንካት የለበትም።»

እሱ ጣውላ ፍለጋ ሲወርድ እኔ ከጆንያው ጎን ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ያሳለፍኩት አንድ በጋ እንዳለ መጣብኝ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሐዋሳ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ እትዬ ሩቂያ ግቢ ውስጥ በተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት ነበር። እትዬ ሩቂያ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ይነግዳሉ። ድምፃቸው ከአጥር ውጭ ይሰማል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ፣ በትንሽ ነገር ይስቃሉ። አባቴ አይሱዙ ይነዳል፤ አንዴ ሞያሌ ነው አንዴ አዲስ አበባ፤ ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነበር። እናቴ ፒያሳ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። ልጃቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ታኅሣሥ እንደገባ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴ መኪና የግቢው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ጋቢና ውስጥ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዙረው ተቀምጠዋል። እማማ ዱካሌ ነበሩ። የአባቴ አክስት ናቸው፤ እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከአገረ ሰላም ወዲያ፣ ደጋው ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ስለተሸፈኑ አባቴ ሊያሳክማቸው አመጣቸው። ይህን እናውቅ ነበር። ያላወቅነው ከኋላ ጭነቱ ላይ ስምንት ጆንያ ድንች መኖሩን ነው።

እናቴ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ጭነቱን ቆማ አየችው።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው?»

«የሷ ነው» አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማሳው ላይ የነበረው በሙሉ። ትቼው አልሄድም አለች።»

እማማ ዱካሌ ሰምተዋል። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው አንድ ነገር አያመልጠውም። «እኛ አገር የድንች ጎተራው መሬቱ ነው» አሉ፣ ቀስ ባለ አማርኛ። «ስንፈልግ እንቆፍራለን፣ ያልፈለግነውን እንተዋለን። እኔ ከሌለሁ ግን ጃርቱ አንድም አያስቀርልኝም። ጥቂት ወር ነው ልጄ። የካቲት ላይ ዘሬን ይዤ እሄዳለሁ።»

እናቴ ወደ ቤታችን በር ዞራ አየች። እንኳን ስምንት ጆንያ አንድ ተጨማሪ ወንበር ማስገቢያ ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አርፎ የሚቀመጥ ነገር ጠፋ። አምስቱ ጆንያ የሚበላ፣ ሦስቱ የዘር ድንች ነበር። የሚበላው መጀመሪያ የእናቴና የአባቴ አልጋ ስር ገባ። አባቴ ብሎኬት ደርድሮ ጣውላ አጋደመበት፣ ድንቹ ከጆንያው ወጥቶ በጣውላው ላይ ተነጠፈ። አልጋው ከፍ ስላለ እናቴ በርጩማ ላይ ቆማ ነበር የምትወጣበት። እማማ ዱካሌ ሲገባም ሲለቀምም መሬት ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ድንች በእጃቸው ያገላብጡ ነበር። ዶማ የነካው ለብቻ፣ ቶሎ የሚበላ። ቆዳው የተላጠው ለብቻ። ጤነኛው ወደ ጣውላው። በመጀመሪያው ቀን እናቴ አፈሩን ለማጠብ ባልዲ ስታመጣ የውሃውን ድምፅ ሰምተው፣ «ውሃ አታስነኪው» አሉ። «አፈሩ ልብሱ ነው።»

ሙቀቱ ደግሞ ነበር። የሐዋሳ በጋ ከደጋ ለመጣ ድንች የሚሆን አይደለም። ቤታችን ኮርኒስ የለውም፤ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮው ሲንጣጣ ይሰማል። እማማ ዱካሌ በማለዳ መስኮቱን በርግደው ይከፍታሉ፣ ፀሐይ ስትበረታ ይዘጉታል፣ እርጥብ ጆንያ ያንጠለጥሉበታል፣ ወደ ማታ ደግሞ ይከፍቱታል። እኔ መስኮት ከፋች፣ መስኮት ዘጊ፣ ጆንያ አርጣቢ ሆንኩ። ደብተሬን ይዤ እንደተቀመጥኩ፣ «ጸጌ፣ ጥላው ደርሷል?» ይሉኛል። ተነስቼ አያለሁ።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምንከፍተው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ድንች ይተነፍሳል» አሉኝ። «እንደ አንቺ ነው። ካፈንሽው ይሞታል። ሞቶም ዝም አይልም፣ ጎረቤቱን ይዞ ይሞታል።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ አልጋ ስር ስገባ የራሴን ትንፋሽ እይዝ ነበር። ሲተነፍሱ ልሰማ። አንዳንዴ የሰማሁ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ሥራችን ለቀማ ነው። እኔ በሆዴ ተስቤ አልጋ ስር እገባለሁ፣ እሳቸው አጠገቤ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ የጠረጠርኩትን አወጣና እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ። በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ ወይ ይመልሱልኛል ወይ ባልዲ ውስጥ ይጥሉታል። ትንኝ እንዳይመጣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በየመሃሉ እንበትን ነበር። ቀስ በቀስ የበሰበሰውን ሳልነካው ማግኘት ጀመርኩ። «አፍንጫሽ የገበሬ ነው» አሉኝ፣ ከዚያ በፊት ማንም ስለ አፍንጫዬ ምንም ብሎ አያውቅም ነበር፤ ትምህርት ቤት ሄጄ ለጓደኞቼ ተናገርኩ፣ ሳቁብኝ።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ከሥራ መጥታ መኝታ ቤት እንደገባች አፏን ይዛ ትወጣና ደጅ ታስመልሳለች። መጀመሪያ አንድ ቀን፣ ከዚያ በየቀኑ ሆነ። «ሽታው ነው» ትላለች። ስለዚህ አምስቱ ጆንያ ወደ ሌላኛው ክፍል፣ ወደ እኔ አልጋ ስር ተዛወረ። ብሎኬቱ፣ ጣውላው፣ ድንቹ፣ ቅጠሉ፣ ሁሉም። እዚያም እንደገባ የእትዬ ሩቂያ ሽንኩርት ከግድግዳው ወዲያ ኮሪደሩ ላይ መደርደሩን እማማ ዱካሌ በሽታ ለይተው አወቁ።

«ሽንኩርትና ድንች አንድ ላይ አያድሩም» አሏት እናቴን። «አንዱ አንዱን ያበላሻል። ለሴትየዋ ንገሪያት።»

እናቴ ነገረቻቸው። እትዬ ሩቂያ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ሃያ ዓመት ሽንኩርት ሳስቀምጥ የኖርኩበት ኮሪደር ነው፣ የጸጌ እናት። አሁን ድንቹ ተከራይ ሆኖ እኔን ያስወጣኝ?» አሉ። ቢሆንም በማግስቱ ሽንኩርቱን ወደ ግቢው ማዶ ሲያስዛውሩ አየሁ። በጣም እያጉረመረሙ።

የዘሩ ድንች ጉዳይ ሌላ ነው። አባቴ በረንዳው ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር፣ ከባሕር ዛፍ እንጨት ቆጥ ሠራለት። እዚያ ላይ በስሱ ተነጠፈ። ፀሐይ በቀጥታ አይነካውም፣ ብርሃን ግን ያገኛል። አልጋ ስር ያለውን ከብርሃን ስንሸሽግ ይሄኛውን ደግሞ ብርሃን ላይ ማውጣታችን አልገባኝም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቆዳው አረንጓዴ መሆን ጀመረ፤ ከየዓይኑ አጭር፣ ደንዳና፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቡቃያ ወጣ።

«እማማ፣ ይሄ ተበላሸ» አልኳቸው።

በእጃቸው ዳሰሱትና ፈገግ አሉ። «አልተበላሸም። ዘር ሲሆን እንዲህ ነው የሚጠነክረው። አይበላም እንጂ። አረንጓዴ ድንች እንዳትበዪ፣ እሺ? መርዝ አለው። ሆድ ያገለባብጣል፣ ያስመልሳል። ብዙ የበላ ሰው ሊሞትም ይችላል።»

ስለ ዘሩ ጥንካሬ የነገሩኝ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ። ውስጤ የቀረው መርዝ የሚለው ቃል ነው። ሆድ ያገለባብጣል። ያስመልሳል።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ወደ ሥራ ስትወጣ በረንዳው ላይ፣ ከቆጡ አጠገብ ቆም አለች፤ ግድግዳውን ያዘችና አስመለሳት። ከዚያ ነገር ሁሉ ገጠመልኝ። ድንች ይተነፍሳል። አረንጓዴው መርዝ ነው። እናቴ በየቀኑ ሁለት ጊዜ አጠገቡ ታልፋለች። አልጋ ስር ያለው ወደ እኔ ክፍል ከተዛወረ በኋላም ማስመለሷ አልቆመም፤ እንግዲህ የሚያሳምማት የበረንዳው ነው።

መክሳቷን ማየት ጀመርኩ። ምሳ ዕቃዋን እንደ ወሰደችው ትመልሰዋለች። ስትቀመጥ ዓይኗን ትጨፍናለች። እማማ ዱካሌ እንግዳ ነገር ያደርጉ ነበር፤ እናቴ ውሃ የያዘ ጄሪካን ስታነሳ ድምፁን ሰምተው ከእጇ ይቀሟታል፣ ወይም እኔን ይጠሩኛል። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር በረንዳው ላይ በሲዳሙ አፎ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ቋንቋውን የማውቀው በቁርጥራጭ ነው። የእናቴን ስም ለየሁ። ሆድ የሚለውን ለየሁ። ድንች የሚለውንም። ከዚያ አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

የሚያለቅስ መሰለኝ። እናቴ ልትሞት ነው ማለት ነው፣ እነሱም ያውቃሉ፣ ግን ለእማማ ዱካሌ ሲሉ ድንቹን አይጥሉትም። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ክፍል ውስጥ መምህሯ ስታስተምር እኔ በሐሳቤ ቆጡን ነበር የማየው። እናቴ ከሥራ ትንሽ ከዘገየች የግቢው በር ላይ እየተንቆራጠጥኩ እጠብቃታለሁ። ለምን እንደማልጫወት እትዬ ሩቂያ ጠይቀውኛል። ሆዴን አሞኛል አልኳቸው።

ጥር መጨረሻ ላይ የእማማ ዱካሌ ተራ ደረሰ። አንደኛው ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሆነ። ሐኪሙ በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ደግሞ ሊያያቸው ስለፈለገ፣ ከመመላለስ ብሎ አባቴ ሐኪም ቤቱ አጠገብ፣ ቡሹሎ፣ ዘመድ ቤት አሳረፋቸው። ሲወጡ ቆጡ ጋ ቆሙና መዳፋቸውን በድንቹ ላይ አሳለፉ፣ ሰው የተኛ ልጅ እንደሚዳስስ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዘሬን ለአንቺ ሰጥቻለሁ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ትምህርት ቤት ለሴሚስተሩ እረፍት ዝግ ነበር። እናቴ ሥራ ላይ ናት፣ አባቴ መንገድ ላይ፣ እትዬ ሩቂያ ገበያ። ግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከግቢያችን ጀርባ፣ አጥሩ በተሰበረበት በኩል በበጋ የሚደርቅ ቦይ አለ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ባዶ አደረግኩና መሙላት ጀመርኩ። ትንፋሼን ይዤ እሞላለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ቦዩ አፋፍ ላይ እገለብጠዋለሁ፣ ከዚያ ነው የምተነፍሰው። ማሰሪያው ትከሻዬን ላጠው። ቡቃያው እየተሰበረ ቦርሳዬ ውስጥ ይቀራል፣ እሱንም አራግፋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ቆጡ ግማሽ ሆነ። ያን ቀን እናቴ ስትመለስ ደክሟት ነበርና በረንዳውን ቀና ብላ አላየችውም። በማግስቱ ከሰዓት በፊት ጨረስኩ። እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

እናቴ ያን ምሽት አላስመለሳትም። እራት በላች። እኔ ከበርጩማዬ ሆኜ ጉርሻዋን እቆጥር ነበር፤ ትክክል ነበርኩ ማለት ነው። ዘሬን ለአንቺ ሰጥቻለሁ የሚለው ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ቤት ውስጥ ስቀመጥ እሱ፣ ደጅ ስወጣ እሱ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አባቴ እማማ ዱካሌን ይዞ መጣ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። በሩ ላይ መነጽሩን አወለቁና አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉት። ከዚያ በፊት አይተውኝ አያውቁም፤ እኔ ስወለድም ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ግንባሬን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«የአባትሽ ግንባር» አሉ። «በጣም ቆንጆ ነሽ ለካ።»

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ከዚያ ወደ በረንዳው ዞሩ።

ቆጡ ባዶ ነበር። አንድ ሁለት ደረቅ ቅጠል ብቻ። እማማ ዱካሌ መጀመሪያ ያመኑት አዲሱን ዓይናቸውን አልነበረም፤ እጃቸውን ዘርግተው እንጨቱን ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት።

«ድንቹን የት አዛወራችሁት?» አሉ።

እናቴ ከውስጥ ወጣች። እሷም ያን ጊዜ ነው ልብ ብላ ያየችው። «እኔ አላዛወርኩም» አለች። አባቴን አየችው፤ እሱም ትከሻውን ነቀነቀ። ልክ በዚያን ሰዓት እትዬ ሩቂያ ከገበያ ተመልሰው በበሩ ገቡ።

«እትዬ» አለች እናቴ፣ «በረንዳው ላይ የነበረውን ድንች አይተዋል?»

«እኔ የሰው ድንች ምን ብዬ አያለሁ?»

«ባለፈው መንገድ ዘጋብኝ ብለው ነበር።»

እትዬ ሩቂያ ዘንቢላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ብያለሁ። ስላልኩ ሰረቅኩት ነው የምትዪኝ?»

«እርስዎ አላልኩም። የሚሸከሙልዎ ልጆች በዚህ ይገባሉ ይወጣሉ። ከሽንኩርቱ ጋር ገበያ ሄዶ ከሆነ...»

«የጸጌ እናት፣ ስድስት ዓመት ከኔ ጋር ኖረሽ አንድ ማንኪያ ጠፍቶብሽ ያውቃል?» ድምፃቸው ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው፤ ያን ቀን ግን ዝቅ ብሎ ነበር፣ ይህ ደግሞ የበለጠ አስፈራኝ። «ሌባ ካላችሁኝ እንግዲህ ሌላ ቤት ፈልጉ። እስከ ወሩ መጨረሻ።»

አባቴ በመሃል ሊገባ ሞከረ። እናቴ ፊቷ ገርጥቶ ግድግዳውን ያዘች። እማማ ዱካሌ ባዶውን ቆጥ ከዳር ጀምረው እንደገና ይዳብሳሉ። 

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ደግሜ አልኩት፣ በዚህኛው ጊዜ ድምፄ ጮኸ። ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ነኝ የጣልኩት። መርዝ ስለሆነ ነው። እማዬን እያሳመማት ስለሆነ ነው። ልትሞት ነው፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ አባዬ ሲያለቅስ አይቻለሁ።» ከዚያ በኋላ ያልኩት ቃል አልነበረም።

 እናቴ ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የምትቆጣ መስሎኝ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እሷ ግን እጄን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ፊቷን ፀጉሬ ውስጥ ቀበረች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አሁንም አላውቅም።

«አልታመምኩም» አለችኝ። «አርግዤ ነው። ከአንቺ በኋላ ሁለት ጊዜ ስለጨነገፈብኝ፣ ሦስት ወር እስኪያልፍ ለማንም ላለመናገር ፈልጌ ነው። ለአባትሽ እንኳን እማማ ናቸው የነገሩት። በድምፄ ነው ያወቁት።»

አባቴ፣ «አላለቀስኩም» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ትንሽ» አለ።

«የት ጣልሽው?» አሉ እማማ ዱካሌ።

እየመራሁ ወሰድኳቸው። ቦዩ ጋ ስንደርስ ሁለት ፍየሎች መሃሉ ላይ ቆመው እያኘኩ ነበር። የቀረው በፀሐይ ተገርፎ፣ ገሚሱ ተጨማዶ፣ ገሚሱ ተቀጥቅጦ ተበትኗል። እማማ ዱካሌ ነጠላቸውን አጥብቀው ሊወርዱ ሲሉ እናቴ ክንዳቸውን ያዘች።

«ማጎንበስ አይችሉም፣ ሐኪሙ ከልክሎዎታል። እኔ እወርዳለሁ።»

«አንቺ ነሽ የማትወርጂው» አሉ እሳቸው፣ በተራቸው ክንዷን ይዘው። «ይሄ ገደል ነው። ሦስት ወሩ ገና አልሞላም።»

እንደተያያዙ አፋፉ ላይ ቆሙ። ሁለቱም አይለቁም፣ ሁለቱም አይወርዱም። ያን ጊዜ እትዬ ሩቂያ ከኋላችን መጡ፤ ተከትለውን እንደነበር አላወቅንም። ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ወገባቸው ላይ ሸጎጡትና ጫማቸውን አውልቀው ቦዩ ውስጥ ገቡ። ፍየሎቹን በዘንቢላቸው አባረሯቸው።

«ጸጌ፣ ነይ ውረጂ» አሉ። «አንቺ ነሽ የበተንሽው።»

እናቴ ከላይ ሆና፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ኋላ» አሉ እትዬ ሩቂያ። «አሁን ጆንያ አምጪ።»

ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ለቀምን። አባቴ ከማዶ፣ እኛ ከዚህ። እማማ ዱካሌ አፋፉ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው የምንሰጣቸውን በአንድ ዓይናቸው ያዩታል፣ ከዚያ እንደገና በጣታቸው ያጣሩታል። የተሰበረ ቡቃያ ያለውን አልጣሉም፤ ሌላ ያወጣል አሉ፣ ቀጭን ነው፣ ግን ያወጣል። መጨረሻ ላይ አንድ ጆንያና ትንሽ ሆነ። ከሦስቱ።

አባቴ አልመታኝም። እናቴም አልተቆጣችኝም። እማማ ዱካሌ ግን ያን ቀንና በማግስቱ አላናገሩኝም፣ የከበደኝ እሱ ነበር። ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ከስሬ ያሉትን ድንቾች እያሰብኩ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ገብተው እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ግቢ» አሉኝ። «እንቁላል እንቁላል የሚያክሉትን ብቻ አውጪልኝ። ጨለማ ስለነበሩ ቡቃያቸው ደካማ ነው፣ ግን ከምንም ይሻላል።»

ገባሁ። ሳወጣላቸው አንዱን ድንች ያዙና ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጣ ተናገሩኝ። «ጥያቄ ሲኖርሽ ጠይቂ። እኔ እዚህ ነበርኩ። አንድ ወር ሙሉ እናትሽ ትሞታለች ብለሽ ብቻሽን ይዘሽው ዞርሽ?»

«አዎ» አልኩ ከአልጋው ስር።

 እጃቸው አልጋው ስር ገባና ቁርጭምጭሚቴን ያዘ፤ ሥራችንን እስክንጨርስ አልለቀቁኝም።

የካቲት መጨረሻ ላይ የቻሉትን ይዘው ሄዱ። የቀረው የሚበላ ድንች የእኛ ሆነ፤ እናቴ አንድ ትልቅ ዘንቢል ሞልታ ለእትዬ ሩቂያ ወሰደችላቸው፣ ሁለቱ በእትዬ ሩቂያ ቤት ተዘግተው ብዙ ቆዩ፤ ቤት ስለመልቀቅ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። እህቴ ነሐሴ ላይ በሰላም ተወለደች።

ከመወለዷ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ ትምህርት ለፋሲካ ሲዘጋ፣ አባቴ እማማ ዱካሌን ልንጠይቅ ወሰደኝ። ማሳቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቀዝቃዛ፣ ጭጋጋማ ቁልቁለት፤ ጠርዙ ላይ እንሰት። በአንዱ በኩል የድንቹ ቅጠል ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። መሃል ላይ ያልቅና ከዚያ ወዲያ ያለው ግማሹ ማሳ ጎመን ነው። ለምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ድንበሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እማማ ዱካሌ ድንቹን እየኮተኮቱ ነበር። አንድ ጎረቤታቸው በቅሎ እየሳቡ በመንገዱ ሲያልፉ ቆሙና ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ጎመኑ እያመለከቱ የሆነ ነገር ጠየቁ። ቃሉ ቀላል ስለነበር ገባኝ። ዘንድሮ ምነው ዘር አነሰሽ፣ ምን ሆንሽ ነው የሚሏቸው።

እማማ ዱካሌ ቀና አሉ። ወደ እኔ አላዩም።

«ዕድሜ ልኬን ድንች በላሁ» አሉ በሲዳሙ አፎ። «ዘንድሮ ጎመን አማረኝ።»

ሰውየው ሳቁ፣ በቅሏቸውን ጎተቱና ሄዱ። ኮቴው እስኪርቅ ድረስ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። እማማ ዱካሌ መስመሩ መጨረሻ ጋ ደረሱ፣ ወገባቸውን አቃኑ፣ ከዚያ መኮትኮቻውን በእጀታው በኩል አዙረው ዘረጉልኝ።

«ነይ» አሉኝ፣ «የሚቀጥለው መስመር ያንቺ ነው።»